እራት ላይ የነበሩት አራቱ

ትንሽ አገር የሚባለው የትኛው ነው? ካርታ ላይ በአውራ ጣት የሚሸፈነው ትሉኝ ይሆናል። እኔ ግን ትንሽ አገር የምለው ያሳሰረህ ሰውና የታሰርከው አንተ አንድ ዳቦ ቤት የምትሰለፉበትን ነው። በዚህ ስሌት እዚህ አሜሪካ የኛ የኦክላንድ ሐበሾች መንደርም ራሱን የቻለ ትንሽ አገር ነው። በደርግ ጊዜ የቀበሌ አብዮት ጥበቃ የነበሩ ሰውዬ፣ ወንድማቸው ቀበሌ ተወስዶ በዚያው የቀረባቸውን ጡረተኛ ፕሮፌሰር እድር ስብሰባ ላይ "ወንበር ልሳብልዎት?" ሲሏቸው በዓይኔ አይቻለሁ። ፕሮፌሰሩም "እግዜር ይስጥልኝ" ብለው ተቀመጡ። እኛ የቀረነው ሰሃናችን ላይ አቀረቀርን። በማቀርቀር ማን ይስተካከለናል!

ይህን ሁሉ የማወራው ስለ አንዲት የአልባኒያ ሴት ልነግራችሁ ፈልጌ ነው። አልባኒያ የት እንደሆነች ካላወቃችሁ አትፈሩ፤ እኔም ሳን ሆዜ ሥራ እስካገኝ ድረስ አላውቅም ነበር። ወይዘሮ ድሪታ ይባላሉ። ሰማንያ ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው፣ ድሮ በከተማቸው ሒሳብ ያስተምሩ የነበሩ ሴት ናቸው። እኔ ኬርጊቨራቸው ነኝ። በሳምንት ሦስት ቀን ከኦክላንድ በባቡርና በአውቶቡስ እየሄድኩ የደም ግፊታቸውን እለካለሁ፣ መድኃኒታቸውን አቀርባለሁ፣ ምሳቸውን እሠራለሁ። ልጃቸው ኤሊራ ኩፐርቲኖ ከተማ ሄዳ ኮምፒውተር ላይ ተጥዳ ትውላለች። እሳቸው በእሳቸው እንግሊዝኛ፣ እኔም በእኔ፣ የሰው ቋንቋ እያጎሳቆልን ድንቅ አድርገን እንግባባለን። እሳቸው ስለ ዳቦ ሰልፍ ሲያወሩ እኔ ስለ ስኳር ሰልፍ፤ እሳቸው ክፍል ውስጥ ስለሚሰቀለው የመሪው ፎቶግራፍ ሲያወሩ እኔ ስለኛው። "እኛም ጋ እንዲሁ ነበር!" ስንባባል ምሳው ያርራል።

ባለቤታቸው ሉአን መሐንዲስ ነበሩ። በዚያ በኮሚኒስቶቹ ዘመን አንድ ቀን እራት ላይ፣ ሬዲዮው ስለ ስንዴ ምርት ሲፎክር ሰምተው "ይሄ ሬዲዮ ውስጥ ያለው ዳቦ እኛ ቤት መቼ ነው የሚደርሰው?" አሉ። በቃ። በሳምንቱ ተወሰዱ፤ ሰባት ዓመት ታሰሩ። ማዕድ ላይ የነበሩት አራት ሰዎች ናቸው፤ ሉአን፣ ድሪታ፣ የድሪታ ታናሽ ወንድም በስኒክና የበስኒክ ሚስት። ከተማው ለመፍረድ አልቸገረውም። ድሪታ ከሥራቸው አልተባረሩማ! ባሏ ታስሮ እሷ ካልተባረረች፣ የጠቆመችው ራሷ ናት ተባለ።

ሉአን ከእስር ሲወጡ ምንም አልጠየቁም። ይኼን የነገሩኝ ክንዳቸው ላይ የግፊት መለኪያውን እያሰርኩላቸው ነው።

"ቢጠይቀኝ እምልለት ነበር" አሉኝ። "አልጠየቀኝም። እስኪሞት ድረስ ከእኔ ጋር የሚያወራው ስለ ዝናብና ስለ ጣራው ብቻ ነበር።"

አሁን ደግሞ ፖለቲካ መጣ። ያቺ አገር ዛሬ ምርጫ አላት፣ ፓርቲ አላት፣ በየካፌው በረንዳ የሚከራከር ሽማግሌም ሞልቷታል። ወጣቱ ግን ጣሊያንና ጀርመን ሄዶ አልቋል። ስለሚመጣው ጊዜ የሚጨቃጨቅ ሲጠፋ፣ ያለፈው ለጭቅጭቅ ይተርፋል። ተወዳዳሪው ስለ መንገድና ስለ ውሃ ከመናገሩ በፊት የተቀናቃኙን ዘመዶች ይቆፍራል። የበስኒክ ልጅ አርበን "ንጹሕ እጅ" ብሎ ለከንቲባነት ሲወዳደር፣ ተቃዋሚዎቹ የወይዘሮ ድሪታን ፎቶግራፍ ፌስቡክ ላይ ፖስት አደረጉት፤ "ባሏን የሸጠች አክስት!"

የድሮው የደኅንነት ፋይል ዛሬ ለባለጉዳይ ይሰጣል። አርበን ደወለና "አክስቴ፣ ይጠይቁልንና ስማችንን ያጽዱልን" አላቸው። ጠየቁ። ፋይሉ መጣ።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ኤሊራ ከሥራ ዕረፍት ላይ ስለነበረች ወረቀቱን አትማ ለእናቷ ሰጠቻቸው። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ሳይጨርሱ አርበን ቪዲዮ ኮል አደረገ። ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፈን አቆምነው። አርበን ከረባት አስሯል። አጠገቡ አንድ ሽበታም ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ ወንድምየው በስኒክ።

እኔ አልባንኛ አልችልም። ኤሊራ ጆሮዬ ላይ እያንሾካሾከች ትተረጉምልኛለች።

"አባባም ልስማ ብሎ ነው" አለ አርበን። "ምን ይላል?"

ወይዘሮ ድሪታ ማንበብ ጀመሩ። የተማሪ ፈተና የሚያርሙ ነው የሚመስሉት፤ ቀስ፣ ረጋ ብለው። "ምንጫችን እራት ላይ ተገኝቶ በጆሮው እንደሰማው…" የሬዲዮው ቀልድ ቃል በቃል ተጽፏል። ቀጠሉ። "የምንጫችን እህት ባሏ ዝም እንዲል ከጠረጴዛው ሥር በእግሯ ነካችው።"

ማንበባቸውን አቆሙ።

ኤሊራም መተርጎሟን አቆመች። የምንጩ እህት! እኔም የሰማሁትን ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያች ደቂቃ ያሰብኩት ስለ አልባኒያ አይደለም። የኔም አባት የቀበሌ ጸሐፊ ነበሩ። ምን ይጽፉ እንደነበር አንድም ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም።

"በስኒክ" አሉ ወይዘሮ ድሪታ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። "ሉአንን በእግሬ ስነካው ማን አየኝ?"

ሽማግሌው ጠረጴዛውን ያያሉ። ተነሡ። ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ ቀበቷቸው፣ ቀጥሎ ባዶ ወንበር ታየን። አርበን ወንበሩን አየ፣ አክስቱን አየ።

"አክስቴ… ምርጫው እስኪያልፍ ድረስ እባክዎ…"

"ወረቀቱን እልክልሃለሁ" አሉ። "የአባትህ ስም ስለሆነ የምታደርገውን አንተ ታውቃለህ።"

ስልኩ ሲዘጋ ግፊታቸውን ለካሁ። ቁጥሩን አልነግራችሁም፤ ሐኪማቸው ጋ ግን ወዲያው ደወልኩ።

አርበን ምን አደረገ መሰላችሁ? "ፋይሉ የአክስቴን ንጽሕና አረጋግጧል" ብሎ ጻፈ፤ ወረቀቱን ግን አላሳየም። አሳየን ሲባል "የቤተሰብ ክብር ነው" አለ። ወረቀት አለኝ እያለ ወረቀት የማያሳይ ሰው ማን ያምነዋል? ከተማው ድሮ የጠረጠረውን አሁን እርግጠኛ ሆነበት። ቢሆንም አርበን አሸነፈ። የውሃ ቧንቧውን እጠግናለሁ ብሎ ነበርና።

ኤሊራ እሳት ሆነች። "እማዬ፣ እኔ ራሴ ፖስት ላድርገው!"

"አሜሪካ ተቀምጣ የፈበረከችው ነው ይሉኛል" አሉ ወይዘሮ ድሪታ። ወረቀቱን በጣታቸው ሲያስተካክሉ ቆዩና "ደግሞ እኔ እንዲያነብልኝ የምፈልገው አንድ ሰው ነበር፤ እሱም የለም" አሉ። ኤሊራ ከዚያ ወዲያ ስለ ፖስት አላነሳችም።

ከምርጫው ሁለት ሳምንት በኋላ፣ ኤሊራም ቤት ባለችበት ቀን፣ በስኒክ ራሳቸው ደወሉ። ያለ ልጃቸው፣ ብቻቸውን። ወይዘሮ ድሪታ ድምፁን ለሁላችን ከፍተው አነሱት፤ ኤሊራም እንደ በፊቱ ጆሮዬ ላይ ተረጎመችልኝ። ሽማግሌው ትንፋሽ እያጠራቸው ተናገሩ። ያን ቀን ጠዋት ካፌ ሄደው፣ ዶሚኖ የሚጫወቱት ሁሉ ፊት ቆመው "ሉአንን ያሳሰርኩት እኔ ነኝ፤ ፈርቼ ነው" ብለው ነበር።

"ታዲያ ምን አሉህ?" አሉ ወይዘሮ ድሪታ፤ የመጀመሪያ ቃላቸው ነው።

"ውሃ አዘዙልኝ።"

"ውሃ?"

"አስቀመጡኝና ውሃ አዘዙልኝ። 'እንዳንተ ያለ ደግ ወንድም አይተን አናውቅም' አሉኝ። 'የእህትህን ኃጢአት በዚህ ዕድሜህ ልትሸከም!' አንዱማ አቅፎኝ አለቀሰ። እምላለሁ፣ እውነቴን ነው አልኳቸው። ይበልጥ አለቀሱ።"

ወይዘሮ ድሪታ ሳቁ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ፣ ዓይናቸው እንባ እስኪሞላ ሳቁ። እኔ መለኪያውን ፍለጋ ተነሣሁ። ሊጮኹ ነው፣ ሊራገሙ ነው፣ ስልኩን ሊወረውሩት ነው ብዬ ነበር። መብታቸው ነው፤ እኔ ብሆን እወረውረው ነበር።

ሳቁ አለቀና መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

"ታዲያ አንድም ሰው አላመነህም?"

"አንድም ሰው።"

"እኔ አምኜሃለሁ" አሉት።

ከዚያ በኋላም ስልኩን ማንኛቸውም አልዘጉትም።