የሌሉትን ቴፖች አስረክብ ተባልኩ

ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ "አንተ ደግሞ ማጋነን ትወዳለህ" ትሉኛላችሁ። አላጋነንኩም። ለማጋነን ራሱ ጉልበት የለኝም!

የሌለ ንብረት አስረክብ ተብዬ ስከራከር ዋልኩና ተሸነፍኩ።

መሸነፉስ ይሁን። የተሸነፍኩት በገዛ ራሴ ነው እንጂ።

ቢቸና ውስጥ ከገበሬ ጤፍና በቆሎ የሚገዛ አንድ ድርጅት አለ። ስሙን አልናገርም፣ ደሞዜን ገና ከነሱ ነው የምቀበለው። እኔ የድርጅቱ የአይቲ ሰው ነኝ። የአይቲ ሰው ማለት ሰርቨር የሚያስተዳድር፣ ኔትወርክ የሚዘረጋና የሥራ አስኪያጁ ቻርጀር ሲጠፋ የሚጠየቅ ማለት ነው።

ባለቤቴ ሞጣ ታስተምራለች። ሴት ልጅ አለችን፣ ገና መቀመጥ እየለመደች ነው። እኔ ቢቸና፣ እነሱ ሞጣ። ልጄ የምታውቀኝ በቪዲዮ ኮል ነው። አልፎ አልፎ በአካል ስሄድ ታየኝና ለቅሶዋን ትለቀዋለች። በገዛ ቤቴ እንደ ባዳ ይለቀስብኛል፣ ሰዎች!

ስለዚህ ዝውውር ጠየቅኩ። ደጅ ጠናሁ፣ ለመንኩ፣ አስለመንኩ። ተፈቀደ! ሰኞ ሞጣ ቅርንጫፍ ሪፖርት ካላደረግኩ ግን ቦታው ለሌላ አመልካች ይሰጣል። ዛሬ ደግሞ ዓርብ ነው።

የቀረኝ ክሊራንስ ብቻ ነበር።

ክሊራንስን መቼም ታውቁታላችሁ። ከየክፍሉ "ከዚህ ሰው የምንፈልገው ነገር የለም" ተብሎ ይፈረማል። ፋይናንስ ፈረመ። የሰው ሀብት ፈረመ። ክበቡ ራሱ ፈረመ፣ ምን ይወስድብኛል ብሎ እንደሚፈራ እግዜር ይወቅ።

የቀሩት እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው።

እትዬ ጥሩወርቅ የንብረት ክፍል ኃላፊ ናቸው። በእሳቸው ዘመን ከመጋዘን አንዲት ስቴፕለር ጠፍታ አታውቅም። ፋይላቸውን ገለጥ ገለጥ አደረጉና ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

"ቴፖቹን አምጣና እፈርምልሃለሁ።"

የምን ቴፕ? አልኩ።

"በስምህ ወጪ የሆኑት አርባ ቴፖች።"

አሁን አስታወስኩ።

እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዳ፣ እባካችሁ ስክሮል አድርጋችሁ አትሂዱብኝ። ድሮ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ባክአፕ፣ ማለትም የመረጃ መጠባበቂያ ቅጂ፣ የሚይዙት በቴፕ ነበር፣ ያው ካሴት በሉት። እኛ ጋ ያለው ግን ቨርቹዋል ቴፕ ላይብረሪ ነው። ተራ ዲስክ ነው፤ ለባክአፕ ሶፍትዌሩ ግን ቴፕ መስሎ ይቀርብለታል። ስክሪኑ ላይ መደርደሪያ አለ፣ ቴፖቹ ቁጥርና ባርኮድ አላቸው፣ አንዱ ሲሞላ ሌላው ይገባል። በእጅ የሚያዝ ነገር ግን ምንም የለም። ሶፍትዌሩ ተታሎ ደስ ብሎት ይሠራል።

ያዋቀርኩት እኔ ነኝ፣ ኮርቼበትም ነበር። ችግሩ፣ ዕቃው ሲገባ ወረቀቱ ላይ "ቴፕ ላይብረሪ" የሚል ተጽፏል። እትዬ ጥሩወርቅ ደግሞ ያልተቆጠረ ነገር ገቢ አያደርጉም። ስንት ቴፕ ነው አሉኝ። ማስረዳት ጀመርኩ፣ ደከመኝ፣ "አርባ ይበሉትና በኔ ስም ያውጡት" አልኩ።

ፈረምኩም!

በዚህ አላበቃም። በየቴፑ ላይ የምለጥፈው የንብረት ቁጥር ስቲከር ሰጡኝ። መለጠፊያ ስላጣሁ ሁሉንም ሰርቨሩ ላይ ደረደርኩት። ሰርቨሩ ቁርጥ ባጃጅ መሰለ።

ወደ ዛሬ ልመለስ። ቴፖቹ በእውን እንደሌሉ በትሕትና ነገርኳቸው። ከሌሉ ለምን ፈረምክ አሉኝ። ወደ ሥራ አስኪያጁ ሮጥኩ፤ እሳቸውም ከእትዬ ጥሩወርቅ ጋር መጣላት ስለማይፈልጉ "ተነጋገሩና ጨርሱ" ብለው ሸኙኝ።

እንግዲህ በዓይናቸው ይዩት ብዬ ሰርቨር ክፍል ወሰድኳቸው። ወንበር ሰጠኋቸው። የቴፖቹን ዝርዝር ስክሪኑ ላይ ከፈትኩላቸው። እሳቸው መነጽራቸውን አስተካክለው፣ እስክሪብቷቸውን አውጥተው፣ ስክሪኑን በጣታቸው እየነኩ መቁጠር ጀመሩ።

መቁጠር! የሌለ ነገር!

እትዬ፣ እነዚህ እኮ የሉም፣ ምስል ናቸው አልኩ። ቁጥር አላቸው አሉኝ። ቁጥር አላቸው ግን የሉም አልኩ። ቦታ ይይዛሉ ወይ አሉኝ። ዲስክ ላይ ይይዛሉ አልኩ። "ታዲያ እንዴት የሉም ትለኛለህ?" አሉና ቆጠራቸውን ቀጠሉ። ሃያ ምናምን ላይ ደርሰዋል።

ደሜ ፈላ። እኔ በዚህ ዓለም የማልችለው ነገር ቢኖር፣ ትክክል ሆኜ ሳለሁ አለመታመን ነው። ባለቤቴን ጠይቋት።

"ይዩ እንግዲህ!" አልኩና ሁሉንም መርጬ "አጥፋ" የሚለውን ተጫንኩ። ሲስተሙ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

እርግጠኛ ነበርኩ!

ስክሪኑ ባዶ ሆነ። በድል አድራጊነት ዞር ብዬ አየኋቸው። እትዬ ጥሩወርቅ ጣታቸው አየር ላይ እንደቀረ ቀስ ብለው መነጽራቸውን አወለቁ።

"እንግዲህ ነበሩ ማለት ነው" አሉ። "ያጠፋሃቸውም አንተ ነህ፣ ዓይኔ እያየ።"

ያኔ ነው ምን እንደሠራሁ የገባኝ። የድርጅቱን ባክአፕ በሙሉ አጥፍቻለሁ። የዚያ ሁሉ ገበሬ የጤፍ መረጃ አሁን ያለው አንዱ ሰርቨር ላይ ብቻ ነው። መብራቱ ደግሞ የቢቸና መብራት ነው፣ እሱን ለእናንተ አላብራራም።

ቆይ! ሞጣ ኮፒ አለ! የምናስቀምጠው ሁሉ ሞጣ ወዳለው ሰርቨርም ይተላለፋል። ሰይድ ጋ ደወልኩ። ሰይድ የሞጣው ባልደረባዬ ነው፤ ቤተሰቡ በሙሉ ነጋዴ ሆኖ እሱ ከሱቅ ሰርቨር መጠበቅ ይሻለኛል ያለ ሰው ነው። መጥፋቱ ሳይደርስህ ቶሎ ኬብሉን ንቀለው አልኩት።

"አሁን ባዶ ሆነ እኮ" አለኝ ረጋ ብሎ። "ከመምጣትህ በፊት እያጸዳህ መስሎኝ፣ እንዴት ያለ ሥርዓት ያለው ሰው ነው እያልኩ ነበር።"

ከቢቸና የጠፋው ከሞጣም ወዲያው እንዲጠፋ ኮንፊገር ያደረገው ማን ይመስላችኋል? ዲስክ እንዳይባክን ብሎ?

እኔው ነኝ!

ይሄ ሁሉ ሳያንሰኝ፣ እትዬ ጥሩወርቅ ከወንበሩ እየተነሱ የመጨረሻዋን ጣል አደረጉልኝ። "ልፈርምልህ እኮ ነበር የምቆጥረው ልጄ። ሲሞላ ፈርሜ፣ ለሚተካህ ሰው እዚሁ ባሉበት ላስረክብ ነበር። አላስጨርስ አልከኝ።"

መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ አልጠላም ነበር።

ሥራ አስኪያጁ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ባክአፑ ከዜሮ ተሠርቶ ሞጣ እስኪገባ ከቢቸና ንቅንቅ የለም አሉ። መስመሩ ደግሞ ዳታውን እንደ ቆሎ አንድ በአንድ እየቆረጠመ ነው የሚያሳልፈው። ሲስተሙ ማክሰኞ ያልቃል ይላል፣ መብራት ካልሄደ። ሰኞ ዕለት እኔ ሞጣ የለሁም ማለት ነው። የሞጣውን ኃላፊ እንዲጠብቁኝ ደውዬ ለመንኳቸው፣ እናያለን አሉኝ። "እናያለን" ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ከዚያ ባለቤቴ ጋ ደወልኩ። አልጋውን አዘዋውራ፣ ለልብሴ ቁም ሳጥን ውስጥ ቦታ ለቅቃ እየጠበቀችኝ ነበር። ሁሉንም ነገርኳት። እኔ ግን ትክክል ነበርኩ፣ ቴፖቹ እኮ በእውን የሉም አልኳት። እስከዚህ ድረስ ሄጄ አሁንም እከራከራለሁ!

አስጨረሰችኝ።

"ትክክል ነህ" አለች። "ቴፖቹ የሉም። አንተም የለህም።"

አለቀስኩ ብላችሁ ሳቁብኝ፣ አልክድም።

ስልኩን ወደ ልጄ አዞረችልኝ። ልጄ ሳቀችልኝ፣ በስክሪን ስሆን ትወደኛለች። ፊቴን በጣቷ ነካ ነካ አደረገች፣ ከዚያ ስልኩን ላሰችውና እጇን ወደ እናቷ ዘረጋች።

እትዬ ጥሩወርቅ እዚያ ቢሆኑ "አባት፣ አንድ፣ አለ" ብለው ምልክት ያደርጉልኝ ነበር።

ይሄን የምጽፍላችሁ ሰርቨር ክፍል ቁጭ ብዬ ነው። የድርጅቱ ዳታ በሙሉ ቀስ እያለ ወደ ሞጣ እየሄደ ነው። ጤፉ ሄደ፣ በቆሎው ሄደ፣ የእኔው የደሞዝ ፋይል ሳይቀር ሄደ። እስቲ ንገሩኝ፣ ትክክል መሆኑን ለማሳየት ብሎ ራሱን ከልጁ የሚያስቀር ሰው እናንተ ሰፈርም አለ? ወይስ እኔ ብቻ ነኝ?