ፊቱን ያዞረው ፈረስ

ዛሬ ተዝካር ቤት ትራይፖድ ይዤ ገባሁ። አዎ፣ ትራይፖድ! ቁጭ በሉና ጉዴን ስሙ።

በአገሪቱ አንጋፋ ዩኒቨርሲቲ ማስተርስ እየተማርኩ መሆኑን የማያውቅ ፎሎወር የለኝም። የላይብረሪውን ደረጃ በየቀኑ ፖስት እያደረግኩ ያሰለቸኋችሁ እኔው ነኝ። ቴሲሴ ስለ አዲስ ቅዳም ገበሬዎችና ለከሰል ስለሚተክሉት ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ነው። እዚያው አጠገብ የቆሰበር ልጅ አይደለሁ? «አገሬን ከኔ በላይ ማን ያውቃታል!» ብዬ ነው የመረጥኩት።

ወይ እኔ!

ፊልድ ወጥቼ ሦስት ቀን ሙሉ የሰማሁት መልስ አንድ ነበር፦ «ተክለን፣ ቆርጠን፣ አክስለን እንሸጣለን።» በቃ! በዚህ ማን ዲግሪ ይሰጣል?

እንባዬ ሊመጣ ሲል ነው አያ ታረቀኝ የተባሉ ሽማግሌ ገበሬ የደረሱልኝ። ከሰሉ ሊለኮስ ሲል የፈረሳቸውን ፊት እንደሚያዞሩት ነገሩኝ። ለምን? «ጥላው ሥር ያረፈበት ዛፍ ሲቃጠል አይቶ እንዳያዝን።»

እናንተዬ! ምዕራፍ አራት በሙሉ ፈረስ ሆነ። አድቫይዘሬ «ይሄ ኦሪጅናል ነው» አሉኝ። ሴሚናር ላይ ተጨበጨበልኝ። ለዲፌንሱ የቀረኝ ፊቱን ያዞረ ፈረስ ፎቶ ብቻ ነበር።

እሱን ላነሳ ነው ዛሬ ጠዋት ከቆሰበር በሚኒባስ የሄድኩት። ቢጫ ጃኬት፣ ኮፍያ፣ ትራይፖድ። የሽማግሌው ግቢ በሰው ተሞልቷል። «ዕድሌ! ድግስ ላይ ደረስኩ» አልኩ።

የራሳቸው የአያ ታረቀኝ አርባ ነበር።

ልጃቸው እናኑ አቅፋኝ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፣ የምሬን። ትንሽ ከተረጋጋን በኋላ ግን አፌ አላርፍ አለ።

«ፈረሳቸውስ የት አለ?»

«የምን ፈረስ?»

ስለ ከሰሉና ስለ ፊት ማዞሩ ነገርኳት። አጠገባችን የተቀመጡት ሴቶች በአገውኛ ተነጋገሩና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። መናገር ያቅተኛል እንጂ እሰማለሁ እኮ! «አህያ እንጂ ፈረስ መቼ ነበራቸው?» ነው የተባባሉት።

እናኑም እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። «አየ አባባ! ፈጥሮ ነው የነገረሽ። ‹ልጅቱ ባዶ እጇን ልትመለስ ነው፣ አንጀቴን በላችው› ብሎን ነበር። በኋላ ቆጨው። ‹መጽሐፍ ላይ ሳታሰፍረው እውነቱን ልንገራት› እያለ ስንቴ ደወለልሽ! አታነሺማ።»

ደውለዋል። አይቻለሁ። «ሰላም ሊሉኝ ነው፣ ስጨርስ እደውላለሁ» ብዬ የተውኩት ያንኑ ፈረስ እየጻፍኩ ነው። አልደወልኩም።

ልሄድ ስነሳ እናኑ «እንዳንጠፋፋ» ብላ በአባቷ ስልክ ደወለችልኝ። እጄ ላይ ያለው ስልኬ ጮኸ። ሁለታችንም እኩል አየነው።

«መረጃ ሰጪ 7»።

ስም የለ፣ አያ የለ። ሰባት!

እናኑ አነበበችው። የአባቷን ስልክ ወደኔ አዙራ አሳየችኝ። «እሱ ማንበብ ስለማይችል እኔ ነኝ የመዘገብኩሽ። ‹ልጄ ብለሽ ጻፊያት› አለኝ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቆሰበር እስክደርስ ሚኒባስ ውስጥ አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ነጋዴ «አይዞሽ ልጄ፣ ማን ሞቶብሽ ነው?» አሉኝ። ምን ብዬ ልመልስ? ሰባት ቁጥር ልበላቸው?

ቤት እንደገባሁ ለአድቫይዘሬ ኢሜይል ላክሁ፦ «ፈረስ የለም። ምዕራፍ አራት ይውጣልኝ።» መልሳቸው ወዲያው መጣ፦ «እንግዲያው ዲፌንሱ ለሚቀጥለው ሴሚስተር ይተላለፋል።» ይተላለፍ። እውነቱን እንዳውቅ የለፉት ሰውዬ ከሞቱ በኋላ ውሸቱን ይዤ መድረክ ላይ አልቆምም።

እስቲ ንገሩኝ፦ ሰው እንዴት እንደሚጠየቅ ሁለት ዓመት ሙሉ ተምሬያለሁ፤ ሰው ሲጠራኝ አቤት ማለትን ማን ያስተምረኝ?