በጎፋ ቪዲዮ ቤት ገነት የገባችው ነርስ

«አላውቅም» ማለት የሚያንቀው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ጎፋ ቪዲዮ ቤት አግኝቼዋለሁ፤ የፊልሙን እንግሊዝኛ በአማርኛ የሚነግረን ጋሽ ታዬ ነው።

ያን ቀን ከሌላ ዓለም የመጣ አውሬ አንዲት ደግ ነርስ በላብን። እንደ እህቴ አለቀስኩላት። ፊልሙ ሲያልቅ ግን ካሴቱ አላቆመም፤ ፊልሙ እንዴት እንደተሠራ ማሳየት ጀመረ። ይህን ሕፃን እንኳ ይለየዋል። ጋሽ ታዬ ግን «ክፍል ሁለት!» ብሎ አወጀ።

አውሬው ጭንቅላቱን እንደ ባርኔጣ አወለቀና ላብ ያጠመቀው ጎረምሳ ሆነ። «ንስሐ ገባ!» አለን ጋሽ ታዬ። ሰዉ አጨበጨበ! ቀጥሎ የሞተችው ነርስ እየሳቀች ሳንድዊች ስትገምጥ መጣች።

«ነፍሷ ናት፤ ገነት ገብታለች» አለን ጋሽ ታዬ።

ያ ሁሉ እንባዬ መቀለጃ ሊሆን ነው? ሰው ፊት ተናግሬ የማላውቀው እኔ ብድግ አልኩ።

«ጋሼ፣ ነፍስ ሳንድዊች ትበላለች እንዴ?»

ጋሽ ታዬ አፉን ሳይከፍት፣ ከፊቴ የተቀመጡ እናት በቁጣ ዞሩብኝ።

«አንቺ ልጅ፣ እዚህ የደረሰባት አንሷት ገነትም ገብታ ትራብ ነው የምትይው?»

«እውነታቸውን ነው!» አለ ሰዉ ሁሉ። ነርሷን የበላት አውሬ ምሕረት አግኝቶ፣ እኔ ጨካኝ ተብዬ ወጣሁ።