ገዳሪፍ ላይ ያቆምኋቸው ሰዎች

«ልጄ፣ ሰው አገር ከሄድሽ እንዳትጮኺ። ጩኸትሽን ሰምቶ የሚወጣ ጎረቤት የለሽም» ያሉኝ አያ ደምሴ ናቸው። ሰሊጥ ሲነግዱ በመተማ ሱዳን ሲመላለሱ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ምክራቸውን እንደ መድኃኒት ዋጥሁት። ደግሞስ እኔን አትጩኺ ማለት ምን ይከብዳል? ቤት መኖሬ የሚታወቀው ልጄ ስታለቅስ ነው።

የሄድሁት ለሽርሽር እንዳይመስላችሁ። ባሌ የጭነት ማኪና ነጂ ነው። ገዳሪፍ ላይ ማኪናው ተገልብጦ እግሩ ተሰበረና ሐኪም ቤት ተኛ። እሱን ላመጣ ልጄን አዝዬ ተነሣሁ። ኬላው ላይ የይለፍ ወረቀት ሰጡኝ። ጸሐፊው «ይችን ከጣልሽ ተመልሰሽ አታልፊም፤ እዚያው መቅረትሽ ነው» አለኝ። የዳሩኝ አራተኛ ክፍል ስደርስ ስለሆነ ማንበብ አያቅተኝም። ስሜን ሁለት ጊዜ አነበብሁት።

የት ላኑረው? አብራኝ የተሳፈረች ሴት ቀሚስሽ ውስጥ ስፊው አለች። ሌላዋ የለም፣ ከልጅሽ አንገት እሰሪው አለች። እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት። እውነቱን ልንገራችሁ? ቦርሳው አዲስ ነበር፤ እንዲታይልኝ ፈልጌ ነው። ታየልኝ።

በገባሁ በማግሥቱ ለባሌ ሎሚ ልገዛ ገበያ ወጣሁ። አንዱ ቦርሳዬን ከክንዴ መንትፎ ሮጠ! ባሌ በምርኩዝ፣ ልጄ በጀርባዬ፣ እኔ ባዶ እጄን ኬላው ላይ ስንለምን ታየኝ። ምን ልበል? ዐረብኛ አላውቅ። ሌባ ምን እንደሚባል እንኳ አላውቅም። አፌ የሚያውቀውን አወጣ።

«በሕግ አምላክ!»

ሳቁብኝ እንጂ። በሱዳን ምድር በሕግ አምላክ! እኛ ዘንድ እኮ በዚች ቃል የማይቆም የለም። አንድ ጊዜ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ሁለት ጎረምሶች በድንበር ተጣልተው ዱላ ሲማዘዙ፣ ወገባቸው የማትደርስ አንዲት ሴትዮ ይችኑ ቃል ጠራች። የአንደኛው ዱላ አየር ላይ ቀረ። እንዲህ ነን እኛ።

ሌባው ግን ሕጋችንን የት ያውቃል? ጭራሽ ፈጠነ። የቆመውስ ማን መሰላችሁ? ገበያው! ሻይ ሻጩ ማንቆርቆሪያውን እንዳዘነበለ ቆመ። ሚዛን የያዘው ሚዛኑን እንዳንጠለጠለ ቆመ። አንዱማ እግሩን አንሥቶ ሳያሳርፈው ቀረ። ለካ ገበያተኛው አብዛኛው ያገሬ ሰው ነው፤ አያ ደምሴ የሉሽም ያሉኝ ጎረቤቶች እዚያ ተከማችተው ኖሯል!

አንድ ትልቅ ሰው የሰሊጥ ጆንያ እንዳቀፉ በጠባቡ መተላለፊያ መሐል ተገትረዋል። ሌባው ወደ ኋላ እያየ ሲሮጥ ከእሳቸው ጋር ተላተመ። ግንብ የገጨ ነው የሚመስለው። እሱም ወደቀ፣ ቦርሳዬም ወደቀ። ተነሥቶ ሲፈረጥጥ ግን ባዶ እጁን ነው።

ሮጬ ቦርሳዬን አነሣሁ። ሰውየው የጎንደር አዲስ ዓለም ነጋዴ ናቸው፤ አያ ሰይድ ይባላሉ። «አያ፣ ምነው ሳይዙት ቀሩ?» አልኋቸው።

ተቆጡ። «አንች አይደለሽ በሕግ ያቆምሽኝ? ማንን እንዳልሽ በምን ልወቅ? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሕግ ረግጬ አላውቅም!»

ከጎንደር ከወጡ ስንት ዘመናቸው! ጃንሆይ እዚያ የሉ፣ ዳኛችን የለ፣ የሚያስገድድ የለ። አይተዋት ለማያውቋት ሴት ቃል ሁሉም ቀጥ አሉ። አገሬን እንደዚያ ቀን ኮርቼባት አላውቅም።

«ኧረ ልቀቂን፣ እመቤት! ካልለቀቅሽን እኮ አንንቀሳቀስም» አለ ሻይ ሻጩ። ሻዩ ከብርጭቆው አልፎ በጠረጴዛው ይወርዳል። አያ ሰይድም «ወገቤ ተቆረጠ» ይላሉ።

እኔ ስታዘዝ የኖርሁ ነኝ፤ ሰው አዝዤ አላውቅም። ቦርሳዬን ከፈትሁ። ወረቀቱን አወጣሁ፣ ስሜን አነበብሁ፣ አጥፌ መለስሁት። ልጄን ከፍ አድርጌ አዘልኋት። ነጠላዬን በግራም በቀኝም አስተካከልሁ።

«ሂዱ» ያልኋቸው ከዚያ በኋላ ነው።