ሳትጠራ የምትደርሰው አዴ ድርቤ

በንጉሡ ዘመን ጥልቅ ባይ የሌለበት ሰፈር አልነበረም። በጸሐፊነት ሥራዬ ከጊምቢ እስከ ጊዳ አያና እየተዛወርኩ ኖሬያለሁና በደንብ አውቃለሁ። ገዥው ይሻራል፣ ዳኛው ይለወጣል፣ ጥልቅ ባዩ ግን እንደተሾመ ይኖራል። ሹመቱን ማን እንደሰጠው የሚያውቅ የለም።

የእኛ የነቀምቴዎቹ ክብርት አዴ ድርቤ ኩማ ነበረች። «እኔ ምን አገባኝ» ትልና ገብታ ትቀመጣለች፤ ከተቀመጠች በኋላ የማያገባት ነገር የለም። ባለቤቴ በዛብሽ ስትወልድ አዋላጇን ታርም ነበር። የጎረቤታችን የታፋ ቤት ሲሠራ ምሰሶው ጠሟል ብላ አስነቀለችው። መጥመሙስ በእርግጥም ጠሞ ነበር፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። አንድ ቀን ቀብር ላይ አስከሬን የተሸከሙትን ሰዎች «ኤሬ ቀስ በሉ! ሰውየው ወገቡን ያመው አልነበረም እንዴ?» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አማርኛን ስትማር «እርስዎ» የሚለውን ቃል ዘልላዋለች፤ ወረዳ ገዥውንም እኔንም አንተ ነው የምትለን። እኔ የመንዝ ሰው ነኝ፣ ሰው ሳይጠራ ቤቴ ሲገባ ደስ አይለኝም። ስትመጣ ካየሁ የተኛሁ እመስላለሁ። እሷ ግን ግንባሬን ትዳስስና ምች መትቶታል ብላ ዳማከሴ ጨምቃ ታጠጣኛለች።

በሃምሳዎቹ አጋማሽ ሚስተር ራቲላል የሚባል የሒሳብ መምህር ከባለቤቱ ከካንታና ከትንሿ ልጃቸው ከኡሻ ጋር ከአዴ ድርቤ ጎን ቤት ተከራየ። ጉጅራት ከሚባል የህንድ አገር የመጡ ናቸው። ሰውየው በትምህርት ቤት የለመዳት ጥቂት አማርኛ ነበረችው። ካንታ ግን አማርኛም ኦሮምኛም አታውቅም። ይህ ለአዴ ድርቤ እንቅፋት አልሆነባትም። እሷ በኦሮምኛ ትመክራለች፣ ካንታ በራሷ ቋንቋ ትመልሳለች፣ ሁለቱም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ክረምቱ ላይ ኡሻ ታመመች። ትኩሳቱ ልጅቷን አመድ አስመሰላት፣ ሐኪሙም ከእንግዲህ እግዚአብሔር ያውቃል አለ። አዴ ድርቤ ቤቷን ዘግታ እነሱ ዘንድ ከረመች። ልጅቷ ዳነች። እኛም ነገሩ በዚህ አለቀ ብለን ነበር።

መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ ምሽት አዴ ድርቤ እያለከለከች ቤቴ ገባች።

«እኔ ምን አገባኝ ኦቦ እሸቱ፣ ግን ህንዷ አቴቴ ታደርጋለች! ማሰሮ ውስጥ መብራት አኑራ ብቻዋን ትዞረዋለች። እያጨበጨበች ታለቅሳለች።»

አቴቴ የኦሮሞ እናቶች ለልጅና ለከብት ጤና ይለምኑበት የነበረ የጥንት ሥርዓት ነው። አዴ ድርቤ ወንጌልን ስትቀበል እርም ብላ ትታዋለች። ይህ ሲሆን በወንጌላውያን ማኅበሯ ውስጥ የመዘምራን መሪ ነበረች። ካባዬን እንኳ ሳልደርብ ለእንግሊዝኛው አስተርጓሚ አድርጋ ጎትታ ወሰደችኝ።

ሚስተር ራቲላል አማርኛውን ከእንግሊዝኛ እያቀላቀለ አስረዳን። ጭፈራው ጋርባ ይባላል። በዓመት አንዴ፣ ለዘጠኝ ምሽት፣ እናት ብለው ለሚጠሯት አምላካቸው መብራቱን ከበው ይዞራሉ። ኡሻ ስታጣጥር ካንታ ተስላ ነበር፦ ልጄን ከተውሽልኝ፣ የምኖርበትን አገር ሰው ይዤ ዘጠኙንም ምሽት እዞርልሻለሁ ብላ።

«በአገራችን መንደሩ በሙሉ ይወጣል» አለ። «እዚህ ማንም የለም። ብቻዬን የዞርኩት አይቆጠርም፣ ዘጠኙም ገና ነው ትላለች። ልጄን መልሳ ትወስድብኛለች ብላ አትበላም፣ አትተኛም።»

እኔ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ፤ ስለቱን ያላገባ ሰው እንዴት እንደሚጨነቅ አላጣሁትም። በአዴ ድርቤ ማኅበር ግን ስለት የሚባል ነገር የለም። ካንታን አየቻት፣ የተኛችውን ኡሻን አየቻት።

«እስቲ ጠይቀው» አለችኝ፣ «ስንት ሰው ይበቃታል?»

በማግሥቱ ባለቤቴን ጨምሮ የሰፈሩን ሴቶች ከነሻሻቸው እየነዳች አመጣቻቸው። የካንታ ማሰሮ አፉ የተሸረፈ ነበርና ሌላ ከኡኬ ገበያ አስመጣች። ሚስተር ራቲላል ከበሮ ይመታል። ሴቶቹ ጎንበስ ብለው ወደ መብራቱ ይቀርባሉ፣ ያጨበጭባሉ፣ ቀና ብለው ዞር ይላሉ። ካንታ በቋንቋዋ ታወጣለች፣ የኛዎቹ በመሰላቸው ይቀበላሉ። አዴ ድርቤ የመጀመሪያውን ቀን ተማረች፤ በሁለተኛው ቀን ካንታን ማረም ጀመረች። ካንታ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው፤ እንጀራም ቀመሰች። እኔ ከበር ላይ ቆሜ፣ ለክብሬ ተጠንቅቄ እመለከታለሁ።

ወሬው እስኪዳረስ ብዙ አልቆየም። የባለቤቴ የነፍስ አባት «ንስሐ ትገቢያለሽ!» አሏት፤ ከዚያ ወዲያ ቀረች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ሸሹ። አዴ ድርቤን ደግሞ የማኅበሯ ሽማግሌዎች አስጠሯት።

«ድርቤ፣ ለጣዖት ትዞሪያለሽ ተባለ» አሏት ኦቦ ቀነዓ።

«ማሎ ኦቦ ቀነዓ፣ እኔ የምዞረው ለኡሻ እናት ነው። ማሰሮውን ከኡኬ ገበያ ያስገዛሁት ራሴ ነኝ፤ ራሴ ያስገዛሁትን ዕቃ ላመልክ ነው?»

ኦቦ ቀነዓ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት። ቢሆንም ወይ ማሰሮውን ወይ መዘምራኑን ምረጪ አሏት። አዴ ድርቤ ባሏ ሞቶባታል፣ ልጅም የላትም። እሑድ እሑድ በመዘምራኑ ፊት መቆም የራሷ የምትለው አንድ ጉዳይ ነበር፤ የቀረው ሁሉ የሰው ነው። ይህን ከዚያ በፊት አስቤው አላውቅም። ማኅበሩ ያለበሳትን ነጭ ልብስ አጥባ፣ አጣጥፋ መለሰችላቸው። እሑድ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሌሎቹ ሲዘምሩ ሰማች።

የመጨረሻው ምሽት ደረሰ። ከሥራ ስመለስ በሩ ክፍት ነበር። ሚስተር ራቲላል ከበሮውን ይዞ ተቀምጧል፣ ግን አይመታም። ካንታና አዴ ድርቤ መብራቱን መሐል አድርገው ቆመዋል። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ይተያያል እንጂ ክብ አይሠራም። ካንታ በሩን በሩን ታያለች።

አዴ ድርቤ አየችኝ። እንደ ልማዷ «ግባ እንጂ ምን ይገትርሃል!» ብትለኝ ኖሮ አንድ ሰበብ ፈልጌ በሄድኩ ነበር። ምንም አላለችኝም። እኔንም ልክ እንደ እሷ ዋጋ ላለማስከፈል ብላ ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች። ባርኔጣዬን አውልቄ ወንበር ላይ አኖርኩ፣ ጫማዬን ፈታሁ፣ ገባሁ።

ሚስተር ራቲላል ከበሮውን መታ። ዞርን። ካንታ እያለቀሰች ትዘፍናለች፤ እኔም ቃሉን ሳላውቀው እቀበላለሁ። አንዱን ዙር ሳንጨርስ፦

«ኤሬ ኦቦ እሸቱ! በዚያ አይደለም፣ በዚህ ነው! ወገብህን ስበር እንጂ፣ የመንግሥት ወገብ ነው እንዴ? አጨብጭብ! ያ ዋቃ፣ ይኼ ሰውዬ ማጨብጨብም አያውቅም!»

እስኪያልቅ ድረስ አፏ አላረፈም። እኔም ጎንበስ ቀና እያልኩ፣ አምላኬ ለዚህች ሴት ዕድሜ ስጥልኝ፣ ሳልጠራት እየመጣች ታርመኝ ብዬ ለመንኩ። በማን ሃይማኖት እንደለመንኩ ግን እስከ ዛሬ አላወቅሁትም።