የጠላ ቤቱ ወለል

ከልጅነቴ ጀምሮ ይዤው የምዞር አንድ ጥያቄ አለኝ፦ እንግዳ ለአንድ ሰዓት የሚቀመጥበት ሳሎን ሴራሚክ ሲነጠፍለት፣ የቤቱ እመቤት ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትሠራበት ጓዳ ለምን ጭቃ ሆኖ ይቀራል? ዩኒቨርሲቲ ስገባ መልሱን አገኛለሁ ብዬ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ አነበብኩ፤ ስለ ጓዳ ወለል የጻፈ ሰው ግን አልገጠመኝም። እናንተም እስቲ ቤታችሁን ዞር ዞር ብላችሁ እዩት። የሚያብረቀርቀው የቱ ጋ ነው? የምትደክመውስ ሴት የት ናት?

ያሳደገችኝ አክስቴ እትዬ አስካለ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ጠላ ትጠምቃለች፤ የምትጠምቀውም ምድር ቤት ነው። ሐዋሳ ላይ ደግሞ ምድር ቤት ማን ሠራ ትሉ ይሆናል። ለእኛ የሠራልን መሐንዲስ ሳይሆን መንገድ ነው። ሰፈራችን ኮብልስቶን ሲነጠፍ መንገዱ ከፍ አለ፣ ክፍሏ ባለችበት ቀረች። ዛሬ ሦስት ደረጃ ወርደን እንገባለን። ክረምት ሲመጣ ውሃውም በደረጃው ይወርዳል፤ ለምዶታል።

ባለፈው ክረምት አክስቴ ጋን አጥባ ስትመለስ ጭቃው አዳለጣት። ሮጠን ስንደርስ መጀመሪያ የጠየቀችን ስለ ጋኑ ነው። ጋኑ ደህና ነበር፤ ጉልበቷ ግን አብጦ ሁለት ሳምንት አስተኛት። ወጌሻው እያሻት፣ ሁለተኛ ከወደቀች ጠላ መጥመቋ እንደሚያበቃ ነገረን። እሷን ጠላ አትጥመቂ ማለት እኔን መጽሐፍ አትግለጪ እንደማለት ነው።

ስለዚህ የወለል ንጣፍ ልገዛ መናኸሪያ ሰፈር ወረድኩ። የሕንፃ ዕቃ የሚሸጡት ሐጂ ነስሩ ለምን ዓይነት ክፍል እንደሆነ ጠየቁኝ። እንዴት ብዬ ሐጂ ፊት ጠላ ልበል? እውነቱን ልንገራችሁና፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የምሠራ የተማርኩ ልጅ ነኝ ብዬ፣ ቃሉ ማንም ፊት ይከብደኝ ነበር። «ለዕቃ ቤት ነው» አልኳቸው። እሳቸውም ለዕቃ ቤት የሚሆን ሰጡኝ፤ ረከስ ያለ፣ ጠንካራ፣ ፊት የሚያሳይ ሴራሚክ። አንዱን ለናሙና ይዤ ተመለስኩ።

አክስቴ መሬት ላይ አስቀመጠችው፤ ውሃ ደፋችበት፤ ትከሻዬን ይዛ በባዶ እግሯ ረገጠችው። እግሯ ሸርተት አለ። ቀጥላ ባዶ ጋን አምጥታ አቆመችበት። የጋን መቀመጫ ድቡልቡል ነው፤ መሬቱ ጎድጎድ ካላለለት አይረጋም። ጋኑ ዞር ብሎ ሊወድቅ ሲል ቀለበችው።

«ለምን ቤት ነው ብለሽ አመጣሽው?»

«ለዕቃ ቤት...»

«ዕቃው እኔ ነኝ?»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። በማግስቱ ሴራሚኩን ታቅፌ ተመለስኩና፣ አንገቴን ደፍቼ እውነቱን ተናገርኩ። ሐጂ ሳቁብኝ።

«ልጄ፣ እኔ የማልጠጣው ጠላውን ነው። የአክስትሽ ጉልበት ሐራም አይደለም።»

ከዚያ እንደ አስተማሪ አስረዱኝ። ከሥር ጠጠር፣ እርጥበት እንዳይወጣ ላስቲክ፣ ከላይ ሲሚንቶ። ውሃው ወደ አንድ ጥግ እንዲወርድ ትንሽ ተዳፋት ይደረግለታል። ጋኖቹ የሚቀመጡበት ቦታ ክብ ክብ እየተተወ አሸዋ ይሞላል። ሲሚንቶው ሳይደርቅ ደግሞ በመጥረጊያ ይጫራል፣ እግር እንዲይዝ። ዋጋው የሴራሚኩን ግማሽ አይሞላም።

የጠራነው ግንበኛ በሁሉም ተስማማ፤ መጥረጊያው ላይ ስንደርስ ግን ፊቱ ጠቆረ። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ የተመሰገነው ወለሉ ልሙጥ ሆኖ ስለሚያልቅ ነው። ሸካራ ወለል ትቶ ቢሄድ፣ ያየው ሁሉ ማን አበላሸው ይላል። አልፈርድበትም፤ እኔስ ለሰው ዓይን ብዬ አይደል ጠላ ቤቱን ዕቃ ቤት ያደረግኩት? አክስቴ በሲዳሙ አፎ፣ በአገሩ ቋንቋ፣ ለመነችው። እሺ አላት። እንዲህ ያለውን እሺ አውቀዋለሁ፤ ዞር ስንልለት ያለሰልሰዋል።

እኔ ደግሞ ሰው መከራከር አልችልም፤ ድምፄን ከፍ ካደረግኩ እንባዬ ይቀድመኛል። አስቤ አስቤ ያለ ንግግር የሚሆን አንድ ነገር ወሰንኩ። ሲሚንቶው ለሚፈስበት ቅዳሜ ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ። ጠንካራ መጥረጊያ ይዤ ከግንበኛው ኋላ እቆማለሁ። እሱ ያለሰልሳል፤ እኔ አሻክራለሁ።