አሥራ አንድ ካርዴን የበላችው የአዴ ፋጡማ ፍየል

ዛሬ ውድድር ላይ ማን ጉድ እንደሠራኝ ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ። ፍየል!

ሰው እየሰደብኩ አይደለም። እውነተኛ ፍየል። አራት እግርና ጺም ያላት፣ የማንጎ ሻጯ የአዴ ፋጡማ ፍየል።

ለማታውቁ ልንገራችሁ። የካርድ ጌም እንጫወታለን። ካርዶቹ ላይ ዘንዶ፣ ተዋጊ፣ አስማተኛ ምናምን አለ። ስልሳ ካርድ ትመርጡና የራሳችሁን ዴክ ታዘጋጃላችሁ፣ ከሌላ ሰው ዴክ ጋር ታጋጥማላችሁ።

ቁማር አይደለም! (እማዬ፣ ይህን እያነበብሽ ከሆነ፣ ማርያምን ቁማር አይደለም።)

ችግሩ፣ ኦሪጅናሉ ካርድ ድሬ ውስጥ የለም። ሁሉ ነገር አለበት የሚባለው ታይዋን ገበያ እንኳ የለም። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ያስመጣል።

እንደ ሂቦ። ጓደኛዬ ናት። አጎቷ ከዱባይ በመጣ ቁጥር ካርድ ይዞላት ይመጣል፤ ሁለት ሙሉ ዴክ አላት። የእኔ አጎት ደግሞ ራቀ ከተባለ እዚሁ አጠገባችን ጀልዴሳ ነው፣ አስተማሪ ነው። ይዞልኝ የሚመጣው ወተት ነው።

ደግነቱ ግሩፓችን በእጅ የተሠራ ካርድ ይፈቅዳል። መጠኑ እኩል ይሁን፣ ቁጥሩ ስልሳ ይሙላ። አንድ ከጎደለ ጨዋታ የለም።

እና ጎበዟ እህታችሁ ባለፈው ሳምንት እዚሁ ፔጅ ላይ ምን ብላ ለጠፈች? "ኦሪጅናል የሚገዛ ጭንቅላት የሌለው ነው!"

ሂቦ ላይክ አድርጋዋለች። ስክሪንሾት ያላችሁ እባካችሁ አትላኩልኝ።

ሥዕሎቹን ፕሪንት አስደረግኩ። የብስኩት ካርቶን ቆራረጥኩ። ሙጫማ ለምን እገዛለሁ? ብልጥ ነኛ! ዱቄት በውሃ አፍልቼ ለጠፍኩበት። ጎረቤታችን "ጉንዳን እንዳይወረው ጨው ጨምሪበት" አለችኝ። ጨመርኩ። አትረፍርፌ ጨመርኩ።

አሁን ቆም ብላችሁ አስቡ። ካርቶን። ዱቄት። ጨው።

ፍየል ከሰው እኩል በሚንሸራሸርበት ከተማ ምሳ ሠርቼ ዴክ ብዬዋለሁ።

የዛሬው አሸናፊ ድሬን ወክሎ አዲስ አበባ ለውድድር ይሄዳል። ሦስት ዓመት የተመኘሁት ነገር ነው። ትናንት ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር አውጥቼ አቧራውን ሁሉ አራግፌ ነበር። አዎ፣ ሳላሸንፍ!

የምንጫወተው ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ሥር፣ ጁስ ቤቱ ደጅ ነው። እና ፋይናል ገባሁ! በብስኩት ካርቶን! ከሂቦ ጋር!

ልንጀምር ስንል የድሮ አስተማሪዬ ጋሽ ታደሰ መጡ። ቁጭ ብዬ ሰላም ልበላቸው? ዴኬን ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ተነሣሁ። የእኛን አገር ሰላምታ ታውቁታላችሁ። እናትሽ ደህና ናት? አባትሽስ? ሙቀቱን እንዴት ቻላችሁት? ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ነበር አሉ?

ዘወር ስል ፍየሏ እያላመጠች ነው።

ዘንዶዬ ከአፏ ጥግ ጭራው ብቻ ቀርቷል።

ዳኛችን ሙክታር የተረፈውን ቆጠረ። "አርባ ዘጠኝ። ደንቡ ስልሳ ነው፣ ምን ላርግሽ አቦ?"

አዴ ፋጡማ ከማንጎ መደባቸው እየሮጡ መጡ። ይቅርታ ሊጠይቁኝ መስሎኝ! "ምን አብልተሻት ነው? ፍየሌ ብትታመም ወላሂ አንቺን ነው የምይዘው!"

ፍየል ወዲያ፣ ቅዝምዝም ወዲህ። "አይዞዎት አዴ፣ ዱቄትና ጨው ብቻ ነው ያለበት" እያልኩ የማጽናናው እኔ ሆንኩ።

ከዚያ ሂቦ ቦርሳዋን ከፈተች። "ዋላል፣ እህቴ፣ ሁለተኛው ዴኬ ይኸው። በሱ ተጫወቺ። እኔ እንዲህ ማሸነፍ አልፈልግም።"

ሁሉም እኔን ያየኛል። "እሺ" ማለት ብቻ ነው። ሁለት ፊደል!

አፌ ግን ምን ቢል ጥሩ ነው? "አይ፣ አመሰግናለሁ። እኔ በኦሪጅናል አልጫወትም።"

እንዴ! ማን ሆኜ ነው?

ሂቦ ትንሽ ጠበቀችኝ። የምሬን መሆኑን ስታይ "ሀዬ፣ እንዳልሽ" ብላ ዴኩን መልሳ ከተተችው። ሙክታር እጇን ከፍ አደረገው። አዲስ አበባ የምትሄደው እሷ ናት።

ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ሻንጣውንም አልጋ ሥር መለስኩት።

ኮሜንት ላይ ፍየሏን የምትሰድቡ፣ ተዉአት። እሷ የበላችው አሥራ አንድ ካርድ ነው። የአዲስ አበባውን ጉዞ የበላሁት እኔ ነኝ።

አሁን ደግሞ ሂቦ ጽፋልኛለች። "ለውድድሩ የሚያለማምደኝ ሰው ያስፈልገኛል። ዴኩ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ነገ ትመጫለሽ?"

"እሺ" ብዬ ለመጻፍ ይኸው አንድ ሰዓት ሆነኝ። ሁለት ፊደል ናት። እስቲ ከናንተ ማን ይጻፍልኝ?